ነፋስ የሚጠብቀው ዳርቻ፦ ከናክሶስ ደሴት የጉዞ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

በነሐሴ ወር አቴንስ ወና ትሆናለች። ባለሱቁ በሩ ላይ የዕረፍት ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ ነዋሪው ሻንጣውን ይሸክማል፣ መንገዱ ሁሉ ወደ ፒሬዎስ ወደብ ይሆናል። እኛም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣውን መርከብ ለመያዝ ገና ሳይነጋ ከሕዝቡ ጋር ተሰለፍን። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁ እንግዳ ነኝ። አክስቴ ግን በዚህ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ጠጉሯ የሸበተ፣ ግሪክኛን አቀላጥፋ የምትናገር ሴት ናት። የግሪክን ባሕር ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ ያየችው ግን አንድ ዓይኗን የአሠሪዎቿ ልጆች ላይ ጥላ ነው። "ዘንድሮ ለራሴ ልየው" አለችኝ። "ሙዚቃ የማይጮህበት፣ አልጋና ጃንጥላ የማይከራይበት ቦታ ፈልጊልኝ።"

ያገኘሁላት ቦታ በናክሶስ ደሴት ደቡብ ምዕራብ በኩል ወደ ባሕሩ የገባው የአሊኮ ልሳነ ምድር ነው። ስለ ቦታው የጠየቅኋቸው ሁሉ ተመካክረው እንደ መጡ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማሉ፦ ነፋሱ ከባድ ነው። ለእኔ ይህ ከማስጠንቀቂያ ይልቅ የምሥራች ነበር። ነፋስ የሚገርፈው ዳርቻ ላይ ጃንጥላ ተክሎ የሚነግድ ሰው አይበረክትም።

መርከቡ አቴንስ ያለችበትን የአቲካን ምድር ተከልሎ ሲጓዝ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር። የምድሩ ጫፍ የሆነውን የሱኒዮንን ራስ ካለፍን በኋላ ግን ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ በግራ ጎናችን መታን። ሰማዩ ላይ አንድ ቁራጭ ደመና የለም፤ ባሕሩ ደግሞ ነጭ አረፋ በአረፋ ሆኗል። እኛ አገር ነፋስ ሲበረታ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ዝናብ ይከተላል። እዚህ ፀሐይዋ ፍንትው እንዳለች፣ ያለ አንዲት ጠብታ፣ ሰው ቆሞ መሄድ እስኪያቅተው ይነፍሳል። የኤጂያን ባሕር ሰዎች ሜልቴሚ ይሉታል። አክስቴ ነጠላዋን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከጭስ ማውጫው በስተጀርባ ተጠለለች።

ፓሮስ ደሴት ላይ ብዙ ሰው ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ናክሶስ ሩቅ አይደለም። ወደቡ ላይ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ፖርታራ ነው፤ ቤቱ የጠፋ በር፣ ከእብነ በረድ የቆመ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ530 ዓመት ገደማ ደሴቱን ይገዛ የነበረው ሊግዳሚስ ለአፖሎ ቤተ መቅደስ አስጀመረ፤ ሕንጻው ሳይፈጸም ቀረ። በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ከዚያም ቬኔሲያውያን መጥተው ድንጋዩን ለግንባቸው አጋዙት። በሩ ግን ከባድ ነበርና ቀረ። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ከሕዝቡ ጋር ወጣን፤ በሩ ወደ ቆመባት ትንሽ ደሴት በሚያሻግረው መንገድ ላይ ማዕበሉ ድንጋዩን እየዘለለ እግራችንን አረጠበው።

ራት ላይ የጾም ነገር ተነሣ። ግሪኮቹም እንደ እኛ የእመቤታችንን ጾም እየጾሙ ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር ከነሐሴ አንድ ጀምረው በአሥራ አምስት ይፈቱታል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ነሐሴ 9 ላይ ይውላል፤ ፍልሰታችን ደግሞ እስከ 16 ይዘልቃል። በዘይት የበሰለ ባሚያ፣ የተፈጨ ባቄላ የመሰለ ቢጫ ፋቫ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ቀረበልን። አሳላፊው ኦክቶፐስም ለጾም ይሆናል ብሎ ሊያሳምነን ሞከረ። በእነርሱ ሥርዓት ደም የሌለው የባሕር እንስሳ ይፈቀዳል። አክስቴ በአክብሮት እንቢ አለች።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

የጽንሰታ ቀን ነውና አክስቴ በጠዋት ተነሥታ ጸሎቷን አደረሰች። ከወደቡ ፊት ለፊት ካለው ማቆሚያ የሕዝብ አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ደቡብ አመራን። ከከተማው እንደወጣን የናክሶስ ድንች የሚበቅልበት ሜዳ ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ማሳ በሸምበቆ አጥር ተከብቧል። ሸምበቆው የተተከለው ለከብት አይደለም፣ ለነፋስ ነው። አጥሩ ሁሉ ወደ ደቡብ አጎንብሷል። ትሪፖዴስ የሚባለው መንደር አጠገብ የፈራረሱ የነፋስ ወፍጮዎች ጉብታው ላይ ቆመዋል። ይህ ደሴት ከነፋስ ጋር የሚኖረው ዛሬ አይደለም፤ ነፋሱን እህል አስፈጭቶታል።

በመንገዳችን ሚክሪ ቪግላን ከሩቅ አየናት። እዚያ ነፋሱ ራሱ ገበያ ሆኗል፤ ባለ ሸራ ሰሌዳ የሚነዱና በትልቅ ካይት የሚጎተቱ ወጣቶች ባሕሩን ሞልተውታል። ከዚያ ካስትራኪ፣ ከካስትራኪ ቀጥሎ የግሊፋዳ ረጅም አሸዋ፣ መጨረሻው ላይ አሊኮ። አውቶቡሱ የቀሩትን ጥቂት ሰዎች ይዞ ወደ ፒርጋኪ ሲቀጥል እኔና አክስቴ ጥላም ሱቅም በሌለበት መንገድ ዳር ቆመን ቀረን።

ወደ ዳርቻው የሚወስደው መንገድ አሸዋማ ነው። በግራና በቀኝ ዝቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ደን አለ፤ አንድ ቅርንጫፍ ይዤ ሳሸተው የማውቀው ሽታ መጣ። ጥድ ነው። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የሐበሻ ጥድ ዘመድ ነው፤ እዚህ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ አንድም የለም። ግንዱ መሬት ለመሬት ይሄድና ከሰሜኑ ነፋስ ጀርባ ሲደርስ ቀና ይላል፤ ቅርንጫፉ ሁሉ በመቀስ እንደ ተከረከመ በአንድ አቅጣጫ ተቆርጧል። ፍሬው ክብ፣ ቀይ ቡናማ፣ ከሽንብራ የሚተልቅ ነው። ከአንዱ ዛፍ ሥር ነፋሱ አሸዋውን ጠርጎ ሥሩን አጋልጦታል፤ ከሰው ክንድ የሚወፍረው ሥር ወደ አሸዋው ክምር ገብቶ እንደገና ይወጣል። ያን ሥር በእጄ ስነካው አሸዋው ለምን ተጠርጎ እንዳላለቀ ገባኝ። ጉብታውን ይዞ ያቆመው ይህ ዛፍ ነው። አድጎ እዚህ ለመድረስ ብዙ ዘመን ይፈጃል፣ ዘሩም በቀላሉ አይበቅልም፤ በመኪና ጎማ ወይም በድንኳን ካስማ ለማጥፋት ግን አንድ በጋ ይበቃል። አካባቢው ናቱራ 2000 በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የተፈጥሮ ጥበቃ መረብ ውስጥ የገባውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥድ የለበሰ የባሕር ዳር አሸዋ በሜዲትራኒያን ዙሪያ እየጠፋ ያለ ነገር ነው።

ከጥዱ ወጥተን አሸዋው ላይ ስንደርስ ነፋሱ እንደ ሰው እጅ ደረታችንን ገፋን። ለተወሰነ ጊዜ መነጋገር አልቻልንም። ረጅሙ ዳርቻ ላይ ከእኛ ሌላ የነበሩት በሩቅ የሚታዩ አንድ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። አልጋ የለም፣ ጃንጥላ የለም፣ መጸዳጃ የለም፣ ውኃ የሚሸጥ የለም። ማዶ የፓሮስ ደሴት ተራሮች ይታያሉ፤ በሁለቱ ደሴቶች መካከል ያለው ጠባብ ባሕር ነፋሱን ጨምቆ ያፈጥነዋል። አሸዋው ከቁርጭምጭሚት በታች እንደ ጭስ ይሮጣል፣ ከዚያ በላይ አየሩ ጥርት ያለ ነው። ቁጭ ስንል ግን የሮጠው አሸዋ ፊታችን ላይ ሆነ። ከጉብታው ጀርባ ዞረን ሰውነታችንን አስጠጋን፤ እዚያ በአንድ ጊዜ ዝም አለ።

ዓይናችን ማየት የጀመረው ከተቀመጥን በኋላ ነው። አክስቴ አጠገብ ከደረቅ አሸዋ ውስጥ ነጭ አበባ ወጥቶ ነበር፤ ቅጠሉ ወዝ የሌለው፣ አበባው ግን ሰፊና ለስላሳ፣ መሐሉ እንደ ጽዋ የጎደጎደ፣ ጠርዙ የተከተፈ። የባሕር ዳር አበባ ነው፤ ሁሉ ነገር በደረቀበት በነሐሴ የሚያብብ የአሸዋ ሽንኩርት ወገን። ሽታው ቀን ላይ ደካማ ነው። አክስቴ ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ እጇን ግን አልሰደደችበትም።

ውኃው ጠርዝ ላይ ደግሞ ቡናማ ኳሶች ተበትነዋል። አንዱን አነሣሁ፦ ቀላል፣ ደረቅ፣ የበግ ጠጉር የተፈተለበት የሚመስል። ፖሲዶኒያ ከሚባለው የባሕር ውስጥ ሣር የተላቀቀ ቃጫ ማዕበሉ እያንከባለለ ያድቦለቦለው ነው። የሣሩ የደረቀ ቅጠልም በዳርቻው ላይ ጉልበት የሚደርስ ክምር ሠርቷል። ሆቴል ባለበት ዳርቻ ይህን ክምር እንደ ቆሻሻ በማሽን ጠርገው ይወስዱታል። ክምሩ ግን በእነርሱ ክረምት የሚነሣው ማዕበል አሸዋውን ይዞ እንዳይሄድ የሚከላከል ግድግዳ ነው። "ንጹሕ" ለማስባል የተጠረገ ዳርቻ በየዓመቱ የሚቀጥነው ለዚህ ነው። እዚህ የሚጠርገው ሰው ስለሌለ አሸዋው አለ።

ምሳችን ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ዱባ የመሰለ ትልቅ ኪያርና ወይራ ነበር። ጨው አላስፈለገንም፣ ነፋሱ አምጥቶልናል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ሌሊቱን መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ጠዋት ወደቡ ላይ የታሰሩ መርከቦችና ሻንጣቸው ላይ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ፤ በነፋስ መለኪያው 8 ቦፎርት ነው አሉ። በሰዓት ከ62 እስከ 74 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ነፋሱ እንዲህ ሲበረታ የወደብ ፖሊስ መርከቦች እንዳይወጡ ያግዳል፤ ፈጣኖቹና ትንንሾቹ ቀድመው ይቆማሉ። የደሴት ሰው በዚህ አይቆጣም። ቡናውን አዝዞ ይጠብቃል።

የሜልቴሚ ነገር እንዲህ ነው። በበጋ በባልካን አገሮች ላይ ከፍተኛ የአየር ግፊት ይሰፍራል፣ በቱርክ ደጋ ላይ ደግሞ ምድሩ ስለሚግል ግፊቱ ዝቅ ይላል። አየሩ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ሲሮጥ መንገዱ ኤጂያን ባሕር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዋነኛ ወራቱ ናቸው፤ ከቀትር በኋላ ይበረታል፣ ማታ ብዙ ጊዜ ይደክማል። ወራቱ በትክክል የእኛ ክረምት ወራት ናቸው፤ ይህን የተገነዘቡትም ጥንታውያኑ ግሪኮች ራሳቸው ነበሩ።

ይህን ነገር ስጽፍ ደስ ይለኛል። ዓባይ በእነርሱ በጋ፣ ሌላው ወንዝ ሁሉ በሚጎድልበት ጊዜ፣ ግብፅን ለምን ያጥለቀልቃል? ጥያቄው ግሪኮችን ለዘመናት አስጨንቋቸዋል። ከመልሶቻቸው አንዱ ይህን ነፋስ የሚከስ ነው፦ ከሰሜን እየነፈሰ ዓባይን ወደ ባሕር እንዳይገባ ያግደዋል፣ ስለዚህ ወንዙ ወደ ኋላ ይሞላል። ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ይህን ሐሳብ ለፈላስፋው ታሌስ ይሰጡታል። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ በሁለተኛው መጽሐፉ አልተቀበለውም፤ ነፋሱ ባልነፈሰበት ዓመትም ዓባይ ይሞላል፣ ደግሞም ነፋሱን ፊት ለፊት የሚያገኙ ሌሎች ወንዞች ለምን አይሞሉም ብሎ ጠየቀ። ፈላስፋው ዲሞክሪጦስ ግን፣ ሲሲሊያዊው የታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ እንደሚነግረን፣ ሌላ አሰበ፦ ይህ ነፋስ ደመናውን ከሰሜን እየነዳ ወደ ደቡብ ይወስዳል፣ ደመናው በኢትዮጵያ ታላላቅ ተራሮች ላይ ሲመታ ዝናብ ይሆናል፣ ዝናቡም ዓባይን ይሞላል። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነበር። ተራሮቹን ሳያይ ተራሮቹንና ዝናቡን አገኘ። የዘመናችን አጥኚዎችም ክረምታችንን የሚያዘንበው እርጥበት ከደቡብ ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ፣ ከሜዲትራኒያንና ከቀይ ባሕር አቅጣጫ የሚገባውም ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳይተዋል። ፊቴን የሚገርፈኝ ነፋስ ወደ እኛ አገር አቅጣጫ የሚሄድ መሆኑን ማወቅ ለዚህ ዳርቻ ያለኝን ስሜት ለወጠው። ለእናቴ ስልክ ደወልኩ፤ አዲስ አበባ ዝናቡ አላባራ ብሏል።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ "እንሂድ" አለች። ነፋስ ፈርታ ክፍል ውስጥ የምትውል ሴት አይደለችም። አሊኮ ላይ ግን ዳርቻው የሚቆምበት አልነበረም፤ አሸዋው እንደ መርፌ ይወጋል። ስለዚህ ወደ ሕንጻው ሄድን።

ከገደሉ በላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል እያየ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት ተጀምሮ የተተወ የሆቴል ግንባታ አለ። ምሰሶና ጣሪያ አለው፣ መስኮትና በር የለውም። ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት በጨው አብጦ ግድግዳውን ከፍቶታል። ባሊ ደሴት ላይ ተወልዶ አቴንስ የሚኖር አንድ ሠዓሊ መጥቶ ግድግዳዎቹ ላይ ሣለባቸው፤ ሌሎችም ተከተሉት። አሁን ክፍል ከክፍል ስትዘዋወሩ ግዙፍ ሥዕሎች ያዩአችኋል፣ በመስኮቱ ቀዳዳ ደግሞ ሰማያዊው ባሕር ይገባል። ሥዕሎቹ ያምራሉ፤ ነገሩን ግን ውብ አድርገን እንዳናየው እፈልጋለሁ። ይህ ሕንጻ የጥድ ደን ነቅሎ የቆመ ነው። ቢፈጸም ኖሮ በጥዱ ፋንታ የመኪና ማቆሚያ ይኖር ነበር፤ አክስቴም እዚህ ብትመጣ የምትመጣው አንሶላ ለመቀየር ነበር። ይህን ያለችው ራሷ ናት፣ ሳትመረር፣ ግድግዳውን ተደግፋ።

እዚያ ከነፋሱ የተጠለሉ አንድ ሽማግሌ አገኘን፤ የአካባቢው ገበሬ ናቸው። አክስቴ በግሪክኛ ሰላም ስትላቸው ፊታቸው በራ። ስለ ነፋሱ ብዙ ነገሩን። ሜልቴሚ ከተነሣ ሦስት ቀን፣ ካልሆነ ስድስት፣ ካልሆነም ዘጠኝ ቀን ይነፍሳል ይባላል አሉ። የደሴቱ ሰው ዳርቻ የሚመርጠው በውበቱ ሳይሆን በነፋሱ ነው፤ ሰሜን ሲነፍስ ከልሳነ ምድሩ በስተደቡብ መዞር፣ ደቡብ ሲነፍስ ወደ ሰሜኑ መመለስ። አሸዋ ላይ ስትተኙ እግራችሁን ወደ ነፋሱ፣ ራሳችሁን ወደ ጉብታው አድርጉ። ገደሉ ጠርዝ አጠገብ አትቁሙ፤ ድንጋዩ የተፈረካከሰ ነው። አክስቴ እየተረጎመች ሳለ ንግግራቸውን ገታ አድርገው ከየት እንደ መጣን ጠየቁ። ኢትዮጵያ ስትላቸው አማተቡና "ኦርቶዶክስ" አሉ። ነገ ፊሎቲ ለበዓል እንድንመጣ ያዘዙን እርሳቸው ናቸው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ፊሎቲ በዛስ ተራራ ሥር ያለ ነጭ መንደር ነው። ዛስ ከ1,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል፤ ለእኛ ተራራ ለማለት ያስቸግር ይሆናል፣ ናክሶስ ባለበት በኪክላዴስ ደሴቶች ግን ከእርሱ የሚበልጥ የለም። የእመቤታችን በዓል እዚህ ትልቁ በዓል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሕዝቡ ደጁ ላይ ቆሟል። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ስትገባ አሮጊቶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ሥዕሏን ተሳልማ ወጣች። ዛሬ ማሪያ፣ ፓናዮቲስ፣ ዴስፒና የሚባል ሁሉ በስሙ "እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ" ይባላል። ክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም መሆኑን የሰማች አንዲት ሴት አክስቴን ሳመቻትና የጸበል ዳቦ ሰጠቻት።

ከቅዳሴ በኋላ በዛፎቹ ሥር ቫዮሊንና ላውቶ ተነሣ፣ ሥጋው ተጠበሰ፣ የእነርሱ ጾም ተፈታ። እኛ ሽንብራችንን በላን። ጋባዦቻችን ጾማችን ገና ሳምንት እንደሚቀረው ሲረዱ ጭፈራውን ትተው ስለ ኢትዮጵያ ጾም ይጠይቁ ጀመር። አክስቴ የዓመቱን ጾም ቆጥራ ስትጨርስ ጠረጴዛው ሁሉ አፉን ይዞ ነበር።

ስለ ዳርቻው ማስታወሻ ውስጥ ይህን ቀን ማግባቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ተራራው ላይ ነፋስ አልነበረም፤ ከዛፎቹ ሥር ቅጠል እንኳ አልተወዘወዘም። ወደ ከተማው ስንመለስ ሰፊው ሰንደቅ ዓላማ ተንጠልጥሎ አየሁት። ሜልቴሚ ቆሟል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

በመጀመሪያው አውቶቡስ አሊኮ ደረስን። በሽማግሌው ምክር ከልሳነ ምድሩ በስተደቡብ ወዳለው ገባ ያለ ዳርቻ ወረድን። ነፋሱ ለስላሳ ነው፤ ባሕሩ ከእግር ሥር ነጭ፣ ራቅ ሲል አረንጓዴ፣ ከዚያ ጥልቅ ሰማያዊ። ጥዶቹ እስከ አሸዋው ድረስ ወርደዋል፤ ጠዋት ላይ ብቻ ቀጭን ጥላ አላቸው። ሰው ነበር፦ ልጆች የያዙ ቤተሰቦች፣ ሁለት ወጣቶች፣ መጽሐፍ የሚያነቡ አንድ ባልቴት። ሁሉም ፎጣቸውን የፈለጉበት ዘርግተዋል። ማንም ማንንም አልጠየቀም፣ ማንም ለማንም አልከፈለም።

አክስቴ ልብሷን እንደለበሰች እስከ ጉልበቷ ገባች። ከዚያ እስከ ወገቧ። ከዚያ ወደ ኋላዋ ሳታይ ተንሳፈፈች። መዋኘት እንደምትችል አላውቅም ነበር። "ልጆቹን ላድን ብዬ ነው የተማርኩት፣ ሰው ቤት ስገባ" አለችኝ፣ ውኃው ውስጥ ሆና ጮክ ብላ። "አሁን ማንም የምጠብቀው የለኝም፤ ነይ ግቢ!" ገባሁ። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ለቀናት የነፈሰው ነፋስ የላዩን ሞቃት ውኃ ገፍቶ ከሥሩ ያለውን ያወጣዋል። እስኪያንቀጠቅጠን ድረስ ዋኘን። ከወጣች በኋላም ስትስቅ ነበር፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ትስቃለች።

ከሰዓት በኋላ ለማነጻጸር ብዬ ወደ አጊዮስ ፕሮኮፒዮስ ወሰድኳት። ለከተማው ቅርብ፣ ስመ ጥር፣ በእርግጥም ውብ ዳርቻ ነው። በአንዳንድ ቦታ ግን አልጋው ከአልጋ፣ ጃንጥላው ከጃንጥላ ተገጥሞ ውኃው ድረስ ወርዷል። በእነዚህ ደሴቶች ላይ ለሁለት አልጋና ለአንድ ጥላ የሚጠየቀው የአክስቴን የቀን ደመወዝ የሚውጥባቸው ቦታዎች አሉ። በግሪክ ሕግ ባሕርና ዳርቻ የሕዝብ ነው። ነጋዴው ከመንግሥት የሚከራየው የተወሰነ ቁራሽ ነው፤ ከቁራሹ አልፎ ሲዘረጋ ለሕዝቡ የሚተርፈው መተላለፊያ ብቻ ይሆናል።

ሕዝቡም ዝም አላለም። በፈረንጆቹ 2023 በጋ ጎረቤት ፓሮስ ላይ ነዋሪዎች ፎጣቸውን ይዘው ወጡ፤ "የፎጣ ንቅናቄ" ተባለ። ሽማግሌው፣ ሕጻኑ፣ አስተማሪው ዳርቻቸውን መልሱልን ብለው ተሰለፉ፤ ነገሩ ወደ ናክሶስና ወደ ሌሎች ደሴቶች ተዛመተ። በፈረንጆቹ 2024 አዲስ ሕግ ወጣ፤ በናቱራ 2000 አካባቢዎች ያሉ 198 ዳርቻዎችም ተለይተው አልጋና ጃንጥላ ማከራየት፣ ሙዚቃ ማስጮህ፣ ድግስ ማዘጋጀት ተከለከለባቸው። እኔ ይህ ትክክለኛ ሥራ ነው እላለሁ፣ ቁጥሩም ሊያድግ ይገባዋል። "ያልለማ" የሚለው አጠራር ለእንደነዚህ ያሉ ቦታዎች ጉድለት ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ። አሊኮ ላይ የጎደለ ነገር አላየሁም። ጥዱ አሸዋውን ይዟል፣ የባሕሩ ሣር ማዕበሉን ይመልሳል፣ ነፋሱ ሕዝቡን ይመጥናል። ደሞዟን ለወንድሞቿ ልጆች ትምህርት ስትልክ የኖረች ሴት ደግሞ በአውቶቡስ ቲኬት ዋጋ ከማንኛውም ባለጸጋ ጋር አንድ ባሕር ውስጥ ትዋኛለች።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ለመሄድ ለምታስቡ፣ በተለይ አቴንስ ላላችሁ፣ የሚጠቅመውን ልጻፍ። አውቶቡሱ በበጋ በቀን ጥቂት ጊዜ ይመላለሳል፤ የመመለሻውን ሰዓት ሳታረጋግጡ አትውረዱ። ውኃ ከምትገምቱት በላይ ያዙ፣ ምግብም እንዲሁ። ጃንጥላ አይጠቅምም፣ ነፋሱ ይወስደዋል፤ ባርኔጣ በአገጭ የሚታሰርና ፊት የሚሸፍን ቀጭን ጨርቅ ይሻላል። ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚያደርግ ፀሐይዋ ስታቃጥላችሁ አይሰማችሁም፤ ማታ ነው የምታውቁት። ጥዱ ላይ ልብስ አትስቀሉ፣ ከሥሩ እሳት አታንድዱ፣ በደረቅ ነሐሴ ከነፋስ ጋር የምትነሣ አንዲት ብልጭታ ደኑን ትጨርሰዋለች። ቆሻሻ የሚሰበስብ ሠራተኛ የለምና ያመጣችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ። ነፋሱን የማትወዱ በሰኔ ወይም በመስከረም ሂዱ፣ ያን ጊዜ ይለዝባል።

አክስቴ ይህን የመጨረሻውን ምክር አልተቀበለችም። ከቀትር በኋላ ወደቡ ላይ መርከብ ስንጠብቅ ለማኅበሯ ሴቶች ስልክ መደወል ጀመረች። በሚቀጥለው ዓመት በፍልሰታ፣ በዚሁ ሳምንት፣ አብረው ይመጣሉ፤ ዳቦ ቆሎውን የሚያዘጋጀው ማን እንደሆነ፣ ክፍሉን ማን እንደሚይዝ፣ ለአሠሪዎቻቸው ከአሁኑ እንዲነግሩ ትመድባለች። አንደኛዋ መዋኘት አልችልም ብላት ኖሮ "አስተምርሻለሁ" አለቻት። መርከቡ ፖርታራን ዞሮ ሲገባ ሦስተኛዋን እያናገረች ነበር፤ ሻንጣዋን እኔ ይዤላት ስልኩን ሳትዘጋ ተሳፈረች።